ያልታጠበ ጣት

ሥራዬ ነጭ ነገር መጨፍለቅ ነበር። በለስ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ካየሁ በቢላ ጫፍ አንሥቼ ነጭ ወረቀት ላይ አደርገውና በአውራ ጣቴ እደፈጥጠዋለሁ። አቧራ ከሆነ ይበተናል። የሸረሪት ድር ከሆነ ይጠቀለላል። ተባዩ ከሆነ ግን ደም ይተፋል፤ ከስንዴ ቅንጣት ከምታንስ ነጥብ ያ ሁሉ ቀይ ከየት እንደሚወጣ እንጃ። ባለሙያዎቹ ኮቺኒያል ይሉታል። ገበሬው ስሙን ማንሣት አይወድም፤ «ያ ነገር» ብቻ ይላል።

«ያ ነገር» በደቡብ በኩል የገባበትን የበለስ ተክል መጥጦ አድርቆታል። ከመቐለ ወደ ሰሜን፣ በውቅሮ መንገድ ግን እስከዚያ ክረምት አልታየም ነበር። መንግሥት እኔን በኮንትራት የሚቀጥረኝም ለዚሁ ነው። በለስ መብሰል ሲጀምር እቀጠራለሁ፤ በለስ ሲያልቅ እሰናበታለሁ። ኬላችን ከሰሜን ክፍለ ከተማ ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር የተተከለ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላው ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ አለው። ከገጠር የሚገባው በለስ ሁሉ፣ በአህያም ይምጣ በአይሱዙ፣ ገበያ ከመድረሱ በፊት እኔና አለቃዬ ፊት ይራገፋል።

ተባዩ ከተገኘ የሚሆነው የታወቀ ነው። ጭነቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል። የምንሞላው ቅጽ ዐሥር ሰዓት ላይ በሚመጣው መኪና ወደ ግብርና ቢሮ ይሄዳል። በማግሥቱ ጠዋት ቆራጭ ቡድን ባለ ጭነቱ መንደር ወርዶ ተክሉን ከሥሩ ቆርጦ ያነዳል፤ የጎረቤቱንም ጭምር፣ ለጥንቃቄ። ይግባኝ የለውም። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ተጻፈ ነው።

ስለዚህ ከመጨፍለቃችን በፊት የምናደርጋት አንዲት ነገር አለች። እጃችንን ታጥበን፣ መዳፋችንንም ጀርባውንም ለባለ ጭነቱ እናሳያለን። «ይኸው፣ ንጹሕ ነው» እንላለን። ባለ ጭነቱ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ነው ጣት ወረቀት ላይ የሚወርደው። ደንቡ ላይ ያልተጻፈ፣ ከበፊቶቹ ተቆጣጣሪዎች የወረስነው ልማድ ነው። አለቃዬ አንዳንዴ ይዘለዋል። እኔ ግን በሦስት ክረምት አንድ ቀን አልዘለልኩትም፤ በዚህም ይቀልድብኛል።

«ቄስ ነሽ እንዴ? ልትቀድሺ ነው በለስ ልታዪ?»

«አንተ ብትታጠብስ ምን ይቀርብሃል?»

«እኔ የበለስ አገር ሰው ነኝ፣ ሓፍተይ። አንቺ የሙዝ አገር ልጅ ስለሆንሽ ትፈሪዋለሽ።» ሓፍተይ እህቴ ማለት ነው።

እውነቱን ነው። የተወለድኩት አርባ ምንጭ ነው። በለስን መጀመሪያ ያየሁት መቐለ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው፤ ሳልጠይቅ በባዶ እጄ አንሥቼ ሳምንቱን ሙሉ ከመዳፌ እሾኽ ስለቅም ከረምኩ። ከተመረቅኩ በኋላ ሓድነት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እዚሁ ቀረሁ። በየዓመቱ ለእናቴ በስልክ «ለመስቀል እገባለሁ» እላታለሁ። ለጋሞ ሰው መስቀል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በመስቀል ከቤት የቀረ ሰው እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው። ያን ዓመት ግን ቃሌን እጠብቃለሁ ብዬ ትኬት እስከ መጠየቅ ደርሼ ነበር።

ጾመ ፍልሰታ ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ያን ቀን ልቆርብ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልቆርብ ቆይቼ፣ ንስሐ አባቴ በስልክ አናዝዘውኝ፣ ቀኖናዬን ጨርሼ፣ «እንግዲህ ቅረቢ» ብለውኛል። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ አለቃዬ ስድስት ሰዓት ላይ እንድወጣ ፈቅዶልኛል። ነጠላዬ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በፌስታል ሆኖ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። ከማለዳ ጀምሮ እያንዳንዱን ጭነት የማየው በአንድ ዐይኔ ነው፤ ሌላው ዐይኔ ፌስታሉ ላይ ነው።

ከስድስት ሰዓት በፊት ቀይ በለስ የጫነ አይሱዙ መጣ። የዚህ አገር በለስ አብዛኛው ቢጫ ነው፤ ቀዩ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። በጣም በስሎ ስለነበር ሳገላብጠው ሁለት ሦስቱ እጄ ላይ ፈረጠ። ጭማቂው እስከ አንጓዬ ወረደ። ጓንቴ ከተቀደደ ቀናት አልፎታል። ለመታጠብ ወደ ጀሪካኑ ዞር ስል ባዶ ነው።

ጀሪካኑ ባዶ ስለነበር ነው ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። ግን ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ካለው ጎሚስታ ቤት ውሃ ነበር። ሁልጊዜ የምንቀዳው ከዚያ ነው። ሰዓቴን አየሁና እጄን በጥቁር አረንጓዴው ካፖርቴ ጠረግሁት። ካፖርቱ ቀለሙን ዋጠው፤ እኔም ረሳሁት።

የመጨረሻዋ ባለ ጭነት አንዲት ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእናቴ አይርቅም። ሁለት ትልልቅ ሳፋ በለስ በአሮጌ ነጠላ ሸፍነው፣ በገመድ አስረው፣ ከሚኒባስ ጣሪያ አስወርደው ሲጠብቁ ቆይተዋል።

«ደሓን ዶ፣ ጓለይ?» አሉኝ፤ ደኅና ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አደይ። ነጠላውን ልግለጠው?» አልኋቸው፣ እንደ አገሩ ወግ እናቴ ብዬ።

«ቀስ በይ» አሉ። «እሾኹ ጨርቁን ይይዘዋል።»

ቀስ አላልኩም። ጫፉን ይዤ ሳብኩት፤ ብጭቅ ብሎ ተላቀቀ። የላይኛዎቹን በለሶች ስመለከት ሦስተኛው ላይ ነጭ ነገር አየሁ።

በሦስት ክረምት በዚህ መንገድ አንድ ቀን እንኳ ያላየሁት ነገር ነው። በቢላዬ ጫፍ አነሣሁት፤ ወረቀት ላይ አደረግሁት፤ በአውራ ጣቴ ደፈጠጥሁት።

ቀይ ሆነ።

«ምንድን ነው?» አሉ ሴትየዋ።

አለቃዬ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። ወረቀቱን አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ ጠፋ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ራስህ እየው።»

«አንቺ ካልሽ ምን አያለሁ?» አለ። በኋላ ስንት ጊዜ አስታወስኩት ይህን! ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ማጉያ መነጽር አውጥቶ ይመለከተው ነበር። የእኔን ጥንቃቄ አምኖ ነው ያልተመለከተው።

«ጓለይ፣ ጥጥ ነው እኮ» አሉ ሴትየዋ። «የነጠላዬ ጥጥ ነው። በጃኺ፣ ደግመሽ እይው።»

ጥጥ ነው፣ ድር ነው፣ ዱቄት ነው የማይል ባለ ጭነት የለም። ሁሉም ይላል። ስለዚህ አልሰማኋቸውም፤ ጆሮዬ ሰምቷል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ወረቀቱን አጥፌ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተትሁና ቅጹ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝሁት። ፈረምሁ፤ አለቃዬም ፈረመ። ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን የማኅተም ቀለም ነክረው አተሙ። ሳፋዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገለበጡ በለሱ ሲንከባለል የሚያሰማውን ድምፅ ላለመስማት ይመስለኛል፣ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሳብ አደረጉት።

«ተክሉስ?» ብለው ጠየቁ።

«ነገ ጠዋት ቡድኑ ይመጣል» አላቸው አለቃዬ።

«የአባቴ ተክል ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ስድስት ሰዓት ከዐሥር ሆኗል። ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ።

ከቅዳሴው በፊት ደረስኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የደስታ ልቅሶ። ግን የሚመላለስብኝ «ተክሉስ?» የሚለው ድምፅ ነው። ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ሰሜኑን ሁሉ ያዳነ ሥራ ነው እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ።

ጸሎተ ሃይማኖት አልቆ ካህኑ እጃቸውን ሊታጠቡ ዞሩ። ዲያቆኑ ውሃውን አፈሰሰላቸው። ታጥበው ወደ ሕዝቡ ዞር አሉና ጣቶቻቸውን አራገፉ፤ ጠብታው በብርሃኑ ውስጥ ብልጭ አለ። ከዚህ በኋላ ሳይገባው የሚቀርብ ካለ ዕዳው በራሱ ላይ ነው፣ እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ የሚሉበት ሰዓት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያቺን ጠብታ እፈራታለሁ። ልማዴ ሆኖ ዐይኔን ወደ እጆቼ ሰበርኩ።

ነጠላዬን የያዝሁበት ጫፍ ቀይ ነበር። በቀኝ እጄ በኩል ያለው። ደግሞም በግራ እጄ በኩል ያለው።

የደፈጠጥኩት በቀኝ አውራ ጣቴ ነው። ግራ እጄ ያን ነጭ ነገር አልነካውም። በላቤ ርሶ ሁለቱንም ጫፍ ያቀላው ቀለም ታዲያ ከየት መጣ? አይሱዙው ታወሰኝ። ቀዩ በለስ። ባዶው ጀሪካን። ካፖርቴ። ወረቀቱ ላይ የወጣው ቀይ ከነጩ ነገር ይሁን ከጣቴ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም እጄን አልታጠብኩም፤ አላሳየሁምም። «ቀስ በይ፣ እሾኹ ጨርቁን ይይዘዋል።» ጨርቁን የሳብኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሴ አቋርጬ ወጥቼ አላውቅም። አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ አሞሻል?» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ አለፍሁ። ለንስሐ አባቴ ልደውል አሰብሁና ተውሁት፤ የሚሉኝን ዐውቀዋለሁ። ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላስር ባጃጅ ጠራሁ።

ኬላው ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ጉድጓዱ ይጨሳል። አለቃዬ ቅጹን ፊቱ አድርጎ መኪናውን እየጠበቀ ነው።

«ምነው? ቆረብሽ?»

«ማጉያውን አውጣ» አልሁት።

ሁሉንም ነገርኩት። እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አሳየሁት። አያቸውና በዝግታ ተናገረ።

«ስሚኝ፣ ሓፍተይ። ተባይ ሆኖ ጥጥ ነው ብንል ሰሜኑን በሙሉ አስበላን። ጥጥ ሆኖ ተባይ ነው ብንል አንድ አጥር ተቆረጠ። የትኛው ስሕተት ይሻላል?»

«ታዲያ የአንተን አጥር ይቁረጡት።»

«እኔ አጥር የለኝም።»

«ለዚህ ነዋ የቀለለህ።»

ተናድዶ መሳቢያውን ሳበው። ኤንቨሎፑን ከፍቶ ወረቀቱን ዘረጋና መነጽሩን ዐይኑ ላይ አደረገ። አንድ አህያ ነጂ መጥቶ «አልቋል ወይስ ትፈትሻላችሁ?» ሲል በእጁ ምልክት ጠብቅ አለው። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እግር፣ ቅርፊት፣ የተሰነጠቀ ሆድ፣ ከእነዚህ አንዱን ካየ ትክክል ነበርኩ ማለት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ እንዲያይ ተመኘሁ።

«ክር ነው» አለ።

መነጽሩን ሰጠኝ። የተጠማዘዘ፣ አመልማሎ የመሰለ ክር፣ ሮዝ ቀለም የጠጣ። ሌላ ምንም የለም።

ቅጹ ተከታታይ ቁጥር አለው፤ ቀድዶ መጣል አይቻልም። ከግርጌው መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩ ደግሞ ኮንትራቴ እንደማይታደስ ሁለታችንም እናውቃለን። ብዕሩን አነሣሁ። «እጄን ሳልታጠብ ነው የፈተንሁት። ነጩ ነገር ከጨርቅ የቀረ ጥጥ ነው። ተባይ አልተገኘም። ስሕተቱ የእኔ ብቻ ነው።»

አለቃዬ በትከሻዬ ላይ አነበበው።

«‹ብቻ› የምትለውን ሰርዢያት» አለ። «እኔም ሳላይ ፈርሜያለሁ።»

ሰረዝኳት። ፈረምኩ፣ ፈረመ። ቡድኑ እንደማይሄድ ሳስበው እፎይ ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ከማለዳ ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም። ያን ጊዜ አለቃዬ ፊቱን ወደ መንገዱ ሲያዞር አየሁት።

«ምንድን ነው?»

«ሴትየዋን አንድ ነገር መክሬያታለሁ» አለ። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጎረቤቶቼ አብረውኝ ሊጠፉ ነው ብላ ስታለቅስ ጊዜ... ራስሽ ዛሬ ቆርጠሽ ካነደድሽው የጎረቤትሽን አይነኩም አልኳት። እውነት ነው እኮ፣ አይነኩም።»

«ስልክ አላቸው?»

«የላትም።»

መኪናው እስኪመጣ አልጠበቅሁም። የመንደራቸውን ስም ከቅጹ ገልብጬ፣ ወደ ውቅሮ የሚሄድ ሚኒባስ አስቁሜ ገባሁ። መንገዱ ላይ ዝናብ ጀመረ። ረዳቱ በየፌርማታው ይጮኻል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል። እኔ ጉልበቴን በእጄ እየደበደብሁ «እመቤቴ፣ እጃቸውን ያዢልኝ» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ከአስፋልቱ ወርጄ ግማሽ ሰዓት ያህል በጭቃ ሄድሁ። በተሰባበረ ትግርኛዬ የጠየቅኋት አንዲት ልጃገረድ በእጇ አመለከተችኝ። ቤቱን ሳላይ ድምፁን ሰማሁ። ገጀራ እርጥብ ነገር ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ፤ ጠብ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የሚወድቅ ነገር። ሮጥሁ።

ሴትየዋ ብቻቸውን ነበሩ። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ እጃቸውን በቆዳ ቁራጭ ጠቅልለው ይቆርጣሉ። የጀመሩት ከጎረቤት በሚያዋስነው በኩል ነው፤ «ያ ነገር» መጀመሪያ የሚሻገረው በዚያ ስለሆነ። ያ ወገን ባዶ ሆኗል። ከሰው በላይ የቆመው አረንጓዴ ግድግዳ እስከ መሐሉ ድረስ ፈርሶ መሬት ላይ ተከምሯል። ከክምሩ አጠገብ የላምባ ጠርሙስ ቆሟል። ዝናቡ ነው እንዳይነድ ያደረገው።

«መጣሽ?» አሉኝ፣ ገጀራውን ሳያወርዱ። «ነገ ነው አላላችሁም?»

«አደይ፣ ያቁሙ። ተባይ አይደለም።»

«ምን?»

«ጥጥ ነበር። የነጠላዎ ጥጥ። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። እጄ ቀለም ነበረበት።»

ገጀራው ቀስ ብሎ ወረደ። የቆረጡትን አዩ፤ ያልቆረጡትን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ምን አልሁሽ?»

«ጥጥ ነው አሉኝ።»

«ከዚያ በፊት ምን አልሁሽ?»

«ቀስ በይ አሉኝ።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ሁለቱንም ዘረጋሁ፤ መዳፌን፣ ከዚያ ጀርባውን። ዝናቡ አጥቧቸዋል። ሴትየዋ ጠጋ ብለው እያንዳንዱን ጣት ተመለከቱ።

«አሁን ንጹሕ ነው» አሉ። «ለእኔ ግን መሸብኝ።»

ጎንበስ ብዬ ከክምሩ አንዱን ሥጋማ ቅጠል ላነሣ ስል ጮኹብኝ።

«በባዶ እጅሽ! ምን ዐይነት ሰው ነሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ በለስ ስታዪ ኖረሽ?» የጠቀለሉበትን ቆዳ ፈትተው ወረወሩልኝ። «ያዢ። አንድ በአንድ። ወደ ቤቱ ግድግዳ ውሰጂው፣ ዳሱ ሥር። አትደራርቢው፣ ይበሰብሳል።»

ሳይመሽ የቻልነውን ያህል ተሸክመን ዳሱ ሥር ደረደርነው። ቁርጡ እንዲደርቅ አፉን ወደ ላይ አደረግነው፤ አፉ የደረቀ ቅጠል መሬት ከነካ ሥር ይሰዳል። ስንጨርስ ሴትየዋ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ጾሙ ሲፈታ ማግሥቱን መጥተሽ ትተክያለሽ።»

«እመጣለሁ።»

«ፍሬ የሚይዘው ደግሞ በሦስተኛው ክረምት ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«እስከዚያ አገሬ ገባሁ እንዳትዪኝ። ፍሬውን አንቺ ነሽ የምታዪው። እጅሽን ታጥበሽ።»

ሄጄ ተከልሁ። ከተከልን በኋላ ነው የቆረብሁት። ቢሮው በሚቀጥለው ክረምት አልጠራኝም፤ አሁን በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሸሚዝ ስፌት እመረምራለሁ። ለእናቴ ለመስቀል የማልመጣበትን ምክንያት በስልክ ስነግራት «ስንት ነው የተከልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። አርባ አንድ አልኋት። ዘንድሮ ሰላሳ ስድስቱ ቆመዋል። ሁለት ክረምት ቆጥሬያለሁ፤ አንድ ይቀረኛል።